የሰሌዳው ዜሮ

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ማልቀስ ያውቅበታል። ገና ከአጥሩ በር ሲገባ መነጽሩን አወለቀ፣ መሐረቡን ከኪሱ መዘዘ፣ በአግዳሚ ወንበሮቹ መካከል ትከሻውን እያንቀጠቀጠ አልፎ ሐዘንተኞቹ ፊት ሲደርስ ድምፁን ለቀቀው። የሟች ባል፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ያን ሲያይ እንደ አዲስ ተንሰቀሰቀ። ሴቶቹም ተከተሉ። ያላለቀሰችው የሟች ታላቅ እህት ብቻ ነበረች፤ እሷ የኃላፊውን ጫማ ነበር የምታየው። ጫማው ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ለቅሶ ሊደርስ ሲል ቁጭ ብሎ ጫማውን ያስጠረገ ሰው፣ አለች በሆዷ፣ እንባውንም ከቤቱ አዘጋጅቶ ነው የመጣው።

በታላቅየዋ ግቢ ለሐዘን ከተቀመጡ ገና ሁለተኛ ቀናቸው ነበር።

እሷን ሰፈሩ «እትዬ ሚዛን» ነው የሚላት። በእናቶችና ሕፃናት ጤና ጣቢያው ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ሕፃናት መዝናለች። ከጣሪያው በወረደው ክብ ሚዛን ላይ ልጆቹን በከረጢት ታንጠለጥላለች፣ መርፌው እስኪረጋ ታባብላለች፣ ኪሎውን በየካርዳቸው ትጽፋለች። ጦርነቱ መጥቶ መዝገብ ያዡ ከዘመተ ወዲህ ደግሞ የልደቱም የሞቱም መዝገብ በእሷ እጅ ነው።

ኃላፊው እንባውን ጠርጎ አጠገቧ ተቀመጠ። ከፔርሙስ የተቀዳለትን ቡና ፉት አለ።

«እግዜር ያጥናሽ፣ እትዬ። ምን ይባላል።»

«ምንም አይባልም።»

«እኔ እንኳ የወረቀቱን ነገር በኋላ ባደርገው እወድ ነበር።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን ሪፖርቱ ሰኞ ይወጣል። ያው እንደ በፊቶቹ ነው፤ ከባድ መሣሪያ ብለን እንጽፈዋለን። አንቺ ትሞዪዋለሽ፣ ባሏ ይፈርማል። ለሕፃኗም ወተቱ ወዲያው ይጀምርላታል። የጦር ጉዳተኞች ዝርዝር ውስጥ ካልገባች እኮ ወተት የለም፤ ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ከእሷ በላይ ማን ሊያውቀው!

በጤና ጣቢያው በር ላይ አንድ ትልቅ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። የተወለዱ፣ የተከተቡ፣ ክትትል ላይ ያሉ እያለ ይወርድና ከታች «በወሊድ የሞቱ እናቶች» ይላል። ፊት ለፊቱ ዜሮ። የቀሩት ቁጥሮች በየወሩ እየተጠረጉ በጠመኔ ይጻፋሉ፤ ዜሮዋን ግን ኃላፊው በነጭ የዘይት ቀለም ነው ያስቀባት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከወንዙ ማዶ መድፍ ሲያጓራ፣ መድኃኒት ሲጠፋ፣ መብራት ሲሄድ፣ ዜሮዋ ንቅንቅ አላለችም። ከላይ የመጡ ሰዎች አጠገቧ ቆመው ፎቶ ተነሥተዋል። «በጦርነት መካከል አንዲት እናት ያላጣ ጤና ጣቢያ» ተብሎ በሬዲዮ ተወርቷል፤ ኃላፊውም ተሸልሟል። እና በወሊድ የሞተች እናት ስለሌለች፣ እናቱ በወሊድ ለሞተችበት ሕፃን የተመደበ ወተት የለም። ምን ይደረግ! ለሌለ ነገር ማን ይመድባል?

«አስብበታለሁ» አለችው።

«አይዞሽ» ብሎ ትከሻዋን ቸብ ቸብ አድርጎ ተነሣ። እጁ ያረፈበትን ትከሻ ቆርጣ ብትጥለው ደስ ባላት።

ሟቿን «ድምቡሼ» ብላ የሰየመቻት እሷ ናት። እናታቸው ስትሞት ታላቅየው አሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ታናሽየው ደግሞ ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። አባትየው ከዚያ በፊት በወጣበት ቀርቷል። ዘመድ ተሰብስቦ «ትንሿን አክስቷ ትውሰድ፣ ትልቋ ትዳር ትያዝ» ብሎ ሲመክር፣ ታላቅየው ሕፃኗን አዝላ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ዘመዶቹ አይተዋት፣ እርስ በርስ ተያይተው፣ ቀስ በቀስ ተበተኑ። ከዚያ ወዲህ ለትዳር የጠየቃት አልጠፋም፤ ሁለቱን ለማስገባት በሩ የጠበበበት ግን ብዙ ነበር።

ድምቡሼ አድጋ ቀጭን፣ ሳቂታና ምላሰኛ ወጣት ሆነች። ስሟ ብቻ ወፍራም ሆኖ ቀረ። አርግዛ ለክትትል ስትመጣ ሚዛኑ ላይ ትወጣና «እትዬ፣ እግርሽን ከሚዛኑ ላይ አንሺ፤ ሰው በገዛ እህቱ ላይ ኪሎ ይጨምራል?» ትላለች፤ ተራ የያዙት እርጉዞች ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። አንድ ቀን ሰሌዳው ሥር ቆማ ለኃላፊው «ጌታዬ፣ ይቺ ዜሮ ጎኗ ነፋ ብሏል፤ እሷም እንደኛ ሳትሆን አትቀርም» አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ኃላፊው አልሳቀም።

ከወንዙ ማዶ፣ ከጦር ግንባሩ ወዲህ ባሉ መንደሮች የሚኖሩ እርጉዞች ቀናቸው ሲቃረብ የሚያርፉበት ማቆያ ቤት ነበራቸው፤ ስምንት አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ ከአዋላጇ ክፍል ሃያ እርምጃ። ድልድዩ በየቀኑ ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ይዘጋል፤ መድፍ የሚተኮሰው በዚያ ሰዓት ነው ይባላል። ምጥ ደግሞ የድልድይ ሰዓት አይጠይቅም፤ ማቆያ ቤቱ ለዚያ ነበር። በወሩ መጀመሪያ ግን የኃላፊው አለቆች የቢሯቸው ጣሪያ ፈረሰባቸውና ኃላፊው ማቆያውን ለቀቀላቸው። አልጋ ወጣ፣ ጠረጴዛ ገባ። እርጉዞቹን «ምጥ ሲጀምራችሁ ኑ» ብላ የመለሰችው እትዬ ሚዛን ናት። አሥራ አንድ ሴቶች ነበሩ። አንዷ ማዶ የተዳረችው እህቷ ናት።

ቤቷ ልታስቀራት ትችል ነበር፤ አልጋዋ ለሁለት ይበቃል። ነገር ግን አሥሩ ሴቶች ጓዛቸውን አንጠልጥለው በር ላይ ቆመው እያዩ የራሷን ሰው ለይታ ማስቀረት አሳፈራት።

«ቀንሽ ገና ነው። ሐሙስ እመጣና ራሴ አመጣሻለሁ» አለቻት።

«እሺ እመቤቴ። ለአድልዎ እንኳ ኪሎ አልሞላሁም ማለት ነው» ብላ ሆዷን ደግፋ ሄደች።

ማክሰኞ ነበር። ረቡዕ ምጥ ያዛት።

ዳቦ ጋጋሪው ያን ቀን ለመጣው ሰው ሁሉ ይናገራል፤ ደግሞ ደጋግሞ፣ አንድ ቦታ ላይ ቢቀይረው መጨረሻው የሚቀየር ይመስል። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ድልድዩ ጋ ደረሱ። ተዘግቷል። ጠባቂዎቹን ለመነ። ትእዛዝ ነው አሉት። ሕፃኗ የተወለደችው በጠባቂዎቹ ጎጆ ውስጥ፣ በአንዱ ጠባቂ ካፖርት ላይ ነው። ደሙ ግን አልቆመም። አሥር ሰዓት ሲሆን ድልድዩ ተከፈተ። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ አዋላጇ ደም ማቆሚያውን መርፌ ወጋቻት። «መርፌውስ ነበረኝ፤ የሚቆም ደም ነው የጠፋው» አለች አዋላጇ በኋላ። ያን ቀን ደግሞ ከወሩ ሁሉ ሰላማዊው ቀን ነበር። አንድ ጥይት አልተተኮሰም። ሰው ልብሱን አጥቦ አጥር ላይ አስጥቶ ነበር።

«ከባድ መሣሪያ» ይበል እንግዲህ።

በሦስተኛው ቀን ሰልባጅ ሻጯ መጣች። ስድሳ ያለፋት፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ናት፤ ገበያ ውስጥ ያሮጌ ልብስ ክምሯ ላይ ተቀምጣ ሰውን ሁሉ እንደ ልጇ ትቆጣለች። ማንም ሳይጠይቃት ወደ ጓሮ ዞራ ስኒ አጠበች፣ ውሃ ቀዳች፣ ሲደክማት መጥታ እትዬ ሚዛን አጠገብ ወገቧን ይዛ ተቀመጠች።

«እኔ አውቀዋለሁ፣ ልጄ። እኔም እንዳንቺው ነው ያጣኋት፤ በመድፍ። ለአንቺ አልነግርሽም፤ ወረቀቱን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ።»

«አዎ፣ እማማ።»

«ትራሴ ሥር ነው ያለው። ማንበብ ባልችልም እያወጣሁ አየዋለሁ።»

«ልጅዎስ? ግንባር ያለው?»

«አለ፣ ደብዳቤ መጥቷል። ያኔ ወረቀቱን አንብቦ ሳይጨርስልኝ ከቤት ወጣ፤ በዚያው ዘመተ። ‹የእህቴን ደም ሳልመልስ እናቴን ዐይኗን አላይም› ብሎ ለጓደኛው ነግሮታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ጢም እንኳ በቅጡ አላወጣም።» ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «ልከለክለው እችል ነበር። ተከትዬ ጆሮውን ይዤ ብመልሰው ይመለስልኝ ነበር። ግን አልከለከልኩትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሂድልኝ፣ ድፋልኝ አልኩ በሆዴ። ማዶ ያሉትን መድፈኞች ስረግም ነው የምውለው።»

እትዬ ሚዛን የያዘችውን ስኒ መሬት ላይ አኖረችው።

የሴትዮዋን ልጅ መድፍ አልገደላትም። አሥራ አራት ወር ይሆነዋል። እናትየው ልብስ ልታመጣ ሌላ ከተማ ሄዳ መንገድ ተዘግቶባት በቀረችበት ሰሞን፣ ልጅቷ በጤና ጣቢያው ጠረጴዛ ላይ ስትወልድ ሞተች። ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚወስዳት አምቡላንስ ያን ቀን የኃላፊውን ዕቃ ሊያመላልስ ወጥቶ ነበር። ኃላፊው መዝገቡ ላይ ጎንበስ ብሎ «ሕፃኑ ወተት ይፈልጋል። ‹አምቡላንሱ መንገድ ላይ በከባድ መሣሪያ ተመታ› በይ። ማንን ይጎዳል?» አላት። እሷም ሕፃኑን አሁን መዝናው ነበር፤ ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ። ከጎኑ እንኳ ሥጋ የሚባል የለውም። ማንን ይጎዳል ብላ ጻፈች። ከዚያ ሁለተኛዋን። ከዚያ ሦስተኛዋን። ለሦስቱም ሕፃናት ወተት መጣላቸው፤ ለዚህ እንኳ ኃላፊው አልዋሸም። ግን አንዲት መስመር ከመዝገብ ወጥታ የአንድ ልጅ ትከሻ ላይ ጠመንጃ ታነግታለች ብላ መች አሰበች?

አዋላጇ ወደ ጓዳ ጠራቻት። በጤና ጣቢያው የቆየች ወዳጇ ናት፤ ሰላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ስትቀበል ኖራ አሁን ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል።

«ዐይንሽን አይቼዋለሁ። ምን እያሰብሽ ነው?»

«ዜሮውን ላስውጠው ነው።»

«ሕፃኗስ? ምን ልትጠጣ ነው? ያንቺን ቁጣ?» አዋላጇ ክንዷን ያዘቻት። «ስሚኝ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አራቱንም የጻፍሽው አንቺ ነሽ ይላል። ጽሑፉ ያንቺ፣ ፊርማው ያንቺ። እሱ እኮ አፉን እንጂ እጁን አላስነካም።»

«ሦስቱን ነው የጻፍኩት። አራተኛዋን አልጻፍኩም።»

«እሺ፣ ትንሿን ቢያንስ ለአንድ ወር ሌላ ሰው ያጠባል። የእኔ ምራት ታጠባለች፤ ጡቷ ለሁለት ይተርፋል። ከዚያ ወዲያ ግን እንጃ።»

«አንድ ወር ይበቃኛል» አለች እትዬ ሚዛን።

ያን ሰሞን ሐዘንተኛው ሲጸልይ አብራ ቆመች፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነውና ከንፈሯ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀስ። ውስጧ ሌላ ሥራ ላይ ነበር። ኃላፊው ተሸማቆ፣ ተዋርዶ፣ በሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ ታየዋለች። አንዳንዴም ጎጆው ውስጥ፣ ካፖርቱ ላይ፣ እሱ ራሱ ተኝቶ «ክፈቱልኝ» ሲል ይታያታል፤ ጠባቂዋ ደግሞ እሷ ናት፤ ሰዓቷን እያየች «ገና ነው» ትለዋለች። ያኔ ብቻ ነው ትንሽ የሚቀላት።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጓሮ ውስጥ ከሰልባጅ ሻጯ ጋር ስኒ እያጠቡ ነገረቻት። እውነቱን ለመናገር ጽድቅ ፈልጋ አልነበረም። ኃላፊውን ብቻዋን ልትጥለው እንደማትችል አውቃለች፤ አጋር ትፈልግ ነበር፤ ይህችኛዋ ደግሞ የተዋጊ እናት ናት፤ የተዋጊ እናት ስትናገር ወታደሩም ሹሙም ቆሞ ይሰማል። ግን ስትጀምር የፈለገችው ሁሉ ጠፍቶባት ከአፏ እውነቱ ብቻ ነበር የሚወጣው። አምቡላንሱ እንዳልተመታ። ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ እንደሞተች። እስከ መጨረሻው «እማዬ መጣች ወይ?» እያለች እንደነበር።

ሴትዮዋ አንዱን ስኒ ደጋግማ ታጥብ ነበር።

«ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ማን አጻፈሽ?»

«ኃላፊው።»

«ያን ቀን መድፍ ተተኩሷል?»

«አልተተኮሰም፣ እማማ።»

ሴትዮዋ ስኒውን በጥንቃቄ አስቀመጠች። ከዚያ በጥፊ አጮለቻት። እጇ ርጥብ ስለነበር ድምፁ እስከ ፊት ለፊቱ ግቢ ድረስ ተሰማ። እትዬ ሚዛን ጉንጯን አልያዘችም። ሁለተኛውን ጠበቀች፤ ሁለተኛው አልመጣም። ሴትዮዋ በጓሮ በኩል ወጥታ ሄደች፤ ሦስት ጊዜ ቆም እያለች፣ አጥር እየተደገፈች።

እሑድ የሐዘኑ መጨረሻ ቀን ነበር። ሰው በዝቷል፤ የሚዛኑ ደንበኞች፣ የዳቦ ቤቱ ጎረቤቶች፣ ከወንዝ ማዶ በጠዋት የተሻገሩ። ኃላፊው አምስት ሰዓት ላይ ወረቀቱን በአቃፊ ይዞ መጣ። ዛሬ አላለቀሰም፤ ሥራ ላይ ነበር። ጋጋሪውን ወደ ጠረጴዛው ጠራው።

«ፊርማ ብቻ ናት፣ ወንድሜ። ለትንሿ ስትል።»

ጋጋሪው እስክርቢቶውን ያዘና ወደ ታላቅየው ዞረ። «እትዬ? ምን ላድርግ?»

«መጀመሪያ ይሞላ» አለች። ወረቀቱን ሳበች። ሰው ፊት ቆማ፣ የምትጽፈውን እያንዳንዱን ቃል ጮክ እያለች ጻፈች፤ «የሞት ምክንያት፦ በወሊድ ደም ፈሷት። ማቆያ ቤቱ በመያዙ ድልድዩ ጋ ሦስት ሰዓት ተኩል ቆይታለች።»

ኃላፊው ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ሐዘን ነው፤ እንረዳለን። ሌላ ወረቀት አለኝ።» ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ሦስቱ በማን እጅ ጽሑፍ እንደተጻፉ ረሳሽው? ብሰምጥ ብቻዬን አልሰምጥም።»

«አብረን እንሰምጣለን» አለች፤ እሷ ድምፅዋን አልቀነሰችም። «ሦስቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁላችሁም ስሙ። በወሊድ የሞቱትን በመድፍ ሞቱ ብዬ የጻፍኩ እኔ ነኝ፤ ‹ጻፊ› ያለኝ ይሄ ሰውዬ ነው።»

«ሐዘን አእምሮዋን ነክቷታል» አለ ኃላፊው ለሰዉ። ራሳቸውን የነቀነቁለትም ነበሩ። ሰውየው የተሸለመ ነው፤ በሬዲዮ ተወርቶለታል፤ እሷ ደግሞ ሚዛን ናት።

ሰልባጅ ሻጯ በዚያ ሰዓት በሰው መካከል እየገፋች መጣች። ወረቀቱን ከትራሷ ሥር አውጥታ ይዛዋለች፤ ከጎኑ አንድ ባዶ ፖስታ። ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ አኖረች። እትዬ ሚዛንን አላየቻትም።

«ለልጄ ደብዳቤ አስጽፋለሁ» አለች። «እዚሁ። ሰው ሁሉ እየሰማ። ጻፊ አንቺ፤ ሥራሽ አይደል?»

እትዬ ሚዛን ባዶ ወረቀት ሳበች።

«‹ልጄ ሆይ፣ እንደምን አለህ? እኔ ደህና ነኝ። የእህትህ ልጅ ቆሞ መሄድ ጀምሯል።› ጻፍሽ? ‹እህትህን የገደለ መድፍ የለም። ማዶ ያሉት አልነኳትም። ስትወልድ ነው የሞተች፤ የሚወስዳት መኪና የሰው ዕቃ ጭኖ ነበር። አንተን ያስዘመተህ ወረቀት ሐሰት ነው።› በደንብ ጻፊ። ‹ደም እመልሳለሁ ካልክ ወንዝ መሻገር አያስፈልግህም። ሰውየው እዚሁ ነው። ጫማው የተጠረገ ነው፤ አይጠፋህም።›»

የሳቀ የለም። ኃላፊው ወንበር ፈልጎ በእጁ ይዳስስ ጀመር።

«‹ሁለት ናቸው› በይ። ‹አንዱ ያጻፈ፣ አንዷ የጻፈች።› የራስሽንም ጻፊ።»

«ጽፌዋለሁ፣ እማማ።»

«አንብቢው።»

አነበበችው። ራሷ ጋ ስትደርስም አልዘለለችም። ጋጋሪው ከኋላዋ ቆሞ ያይ ነበር፤ አንድም ቃል እንዳልጎደለ በኋላ ለሰው ተናግሯል።

ኃላፊው ተቀምጦ ነበር፤ ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። ልጁን ያውቀዋል፤ ሰዉ ሁሉ ያውቀዋል። በመጨረሻ የመጣው ደብዳቤ ላይ ምን ያህል ሰው እንደጣለ ጽፎ፣ ገበያው ሁሉ እጅ በእጅ እየተቀባበለ አንብቦታል።

«እማማ፣ ምን ላድርግ?» አለ ኃላፊው። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ የራሱ ድምፅ ነበር።

«እኔን አትጠይቀኝ። እሷን ጠይቃት፤ ለቅሶው የእሷ ነው።»

እትዬ ሚዛን ይህን ጊዜ ስንት ቀን ጠብቃዋለች። ብዙ አዘጋጅታ ነበር። አሁን ግን ቃሉ አጭር ሆነባት።

«እዚህ ፈርም። ሪፖርቱ ላይ አራት ብለህ ጻፍ። ማቆያ ቤቱን ዛሬ አስለቅቅ። ነገ ጠዋት ደግሞ እናቶች ተራ በያዙበት ሰዓት ዜሮህን በገዛ እጅህ ፍቃት።»

ፈረመ። ፊርማው የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ሰልባጅ ሻጯ ደብዳቤውን አጥፋ ፖስታው ውስጥ ከተተች፣ ፖስታውን ጉያዋ ውስጥ።

«ይልኩታል?» አለ ኃላፊው።

«ልጄ በሕይወት ከመጣ በአፌ እነግረዋለሁ። እስኪመጣ እኔ ጋ ይቀመጣል። እሱ እስኪመጣ ግን አንተም እሷም እንቅልፍ አይውሰዳችሁ።»

ሰኞ ጠዋት ስድሳ ያህል እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተሰልፈው ነበር። የዘይት ቀለም በጨርቅ አይጠረግም። ኃላፊው መሰላል ላይ ወጥቶ በምላጭ ይፍቅ ጀመር። ነጩ ቅርፊት እየተቀረፈ ጫማው ላይ፣ ኮቱ ላይ ይረግፋል። ለረጅም ጊዜ ፋቀ። ማንም አልጮኸበትም፣ ማንም አልሰደበውም፤ ዝም ብለው አዩት፤ አንዷ ብቻ ልጇን ከፍ አድርጋ «እይ» አለችው። በመጨረሻ በጠመኔ «4» ብሎ ጻፈ። ከኋላው የማቆያው አልጋዎች እየተነሡ ይገቡ ነበር፤ ብረታቸው ይንኳኳል። አዋላጇ በር ላይ ቆማ ወንዶቹን «ቀስ! ግድግዳውን!» እያለች ትቆጣለች፤ በእጇ እናት ለሌላቸው ሕፃናት የተከፈተውን አዲስ የወተት ዝርዝር ይዛለች፤ የመጀመሪያዋ የድምቡሼ ልጅ ናት።

እትዬ ሚዛን ሁሉንም አየችው። ማር ይሆናል ብላ የጠበቀችው ምንም ጣዕም አልነበረውም። ኃላፊው ከመሰላሉ ሲወርድ ሽማግሌ ሰው መሆኑን አየች፤ ያም ቢሆን አላዘነችለትም። ጥላቻዋ እንዳለ ነበር፤ የሚሠራው ሥራ ብቻ አለቀበት። ድምቡሼ ደግሞ እንደሞተች ናት። ለአምስት ቀን ያላሰበችው ይህን ነበር።

መዝገብ ቤቱ ገብታ ቁጭ አለች። ወዲያው ሰልባጅ ሻጯ ሳታንኳኳ ገባችና ከጎኗ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ልታርሚ አይደል? እኔ እያየሁ አርሚ። ማንበብ አትችልም ብለሽ እንዳታታልዪኝ። እጄን እያንዳንዱ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ምን እንደሚል ትነግሪኛለሽ። ከእንግዲህ አንዲት ሐሰት እንዳይገባ።»

የልጇን መስመር አረሙ። ሴትዮዋ በጣቷ እየነካች «ይሄስ?» ትላለች፤ እትዬ ሚዛን ትመልሳለች። ዕድሜ። ቦታ። የሞት ምክንያት። ሲጨርሱ ሴትዮዋ ገጹን በመዳፏ አንድ ጊዜ ዳበሰችው። ሁለተኛዋን አረሙ። ሦስተኛዋን። ከዚያ አዲስ መስመር ተጀመረ።

«ይሄስ?»

«ስሟ።»

«ይሄስ?»

«ዕድሜዋ። ሃያ ስምንት።»

«ይሄስ?»

«በወሊድ።»

የመጨረሻው ሳጥን «የአስመዝጋቢው ዝምድና» ይላል። እትዬ ሚዛን እስክርቢቶዋን አስጠግታ ቆመች። በዚያ መዝገብ ላይ ስንት ጊዜ ሞልታዋለች፤ ባል፣ ወንድም፣ ጎረቤት። ከውጭ አንድ ሕፃን ሚዛን ላይ ወጥቶ ያለቅሳል፤ መዛኝዋ ስለሌለች ማንም የሚያባብለው የለም። ጎንበስ አለችና ጻፈች። ስትጽፍ እንባዋ መጣ፤ ካለፈው ረቡዕ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

ሰልባጅ ሻጯ ጣቷን ሳጥኑ ላይ አኖረች። «ይሄስ? ምን ይላል?»

«እናት» አለች እትዬ ሚዛን።

ሴትዮዋ ፊቷን አየቻት። ማን እንደሆነች፣ የማን እህት እንደሆነች ጠንቅቃ ታውቃለች። ከዚያ ጣቷን አነሣችና ወደ መዝገቡ ጎንበስ ብላ፣ ቀለሙ እንዲደርቅ፣ ቀስ አድርጋ እፍ አለችበት።